ርዕሰ አንቀጽ፦ ፕላኑ ሳይጸድቅ እንነጋገር



እንደሚታወቀው የከተማ ፕላን ለባለሙያ ብቻ የሚተው ወረቀት አይደለም። መንገዱ በማን በር እንደሚያልፍ፣ የዝናብ ውኃ በየት እንደሚወርድ፣ ገበያውና ትምህርት ቤቱ የት እንደሚሆኑ የሚወሰነው በዚያ ወረቀት ላይ ነው። ይሁንና ስብሰባ ሲጠራ «እነሱ ያውቃሉ፣ እኔ ምን አገባኝ» ብለን ቤት የምንቀር ብዙዎች ነን። አጥራችን ላይ ቀይ ቀለም ሲቀባ ግን «ማን ጠየቀኝ?» እንላለን። ይህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

መጠየቅ መብታችን ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574ም የሕዝብ ተሳትፎን ከፕላን መርሆች አንዱ አድርጎታል። በአዋጁ መሠረት መዋቅራዊ ፕላን የጠቅላላ ከተማውን የዕድገት አቅጣጫና የመሬት አጠቃቀም ያሳያል። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ወደ ሰፈር ወርዶ የውስጥ መንገዱንና የሕንጻውን ከፍታ ሳይቀር ይወስናል። የታችኛው የላይኛውን ስለሚከተል፣ መነጋገር ያለብን ከመጀመሪያው ነው።

ይህ ለጉራጌ ሕዝብ አዲስ ትምህርት አይደለም። ጀፎረን እንይ። ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው መሐሉ ለጋራ የተተወ ሰፊ መንገድ ነው፤ ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ መስቀሉም እዚያው ነው። ለትውልድ የቆየውም ወሰኑን ሁሉ ስለሚያውቅና አጥሩን የገፋውን ሽማግሌ ስለሚጠይቀው ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ጉራጌዎች ከአገር ቤቱ ሕዝብ ጋር የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፣ ገንዘብ አዋጥተው መንገድ አስወጥተዋል።

ዛሬ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናቸው። ከተማ ሲሰፋ መሬት ይፈለጋል፤ ዝም ያለ ሰው ደግሞ እንደተስማማ ይቆጠራል።

መሳተፍ ማለት ሁሉም የፈለገውን ያገኛል ማለት አይደለም። መንገድ ሲወጣ የአንዱ አጥር መነካቱ አይቀርም። ነገር ግን ምክንያቱን ቀድሞ የሰማና የተሰማ ሰው ሌላ ነው፣ በድንገት የተነገረው ሌላ ነው።

ስለዚህ ካርታው ሁሉ በሚያየው ቦታ ይለጠፍ፤ ባለሙያው በቀላል አማርኛና በጉራግኛ ያስረዳ፤ የተባለው በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ተቀባይነት ያላገኘው ሐሳብም ለምን እንደቀረ ይነገረን እንላለን። በእኛም በኩል ባለቤቶች ብቻ ሳንሆን ተከራዮች፣ የጉልት ነጋዴ እናቶች፣ በከተማው ዳር ያሉ ገበሬዎችና ወጣቶች ጭምር እንምጣ። ጎርፉ በየት በኩል ቤት እንደሚገባ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሳይቃጠል በቅጠል!