የድንጋዩን ታሪክ ማን ይንገረን?

ሰመር ሲገባ እዚህ ማውንትሌክ ቴራስ ጋራዥ ሴል ይበዛል። ሌላው ሰው ሶፋና ብስክሌት ሲያማርጥ እኔ የማየው የመፍቻ ሣጥኑን ነው። ከሥሩ ዘይት ያጠቆረው፣ መሐሉ የጎደጎደ የቢላዋ መሳያ ድንጋይ አይጠፋም። የምሰበስበው ከተራራ ተፈልጦ የወጣውን የተፈጥሮ ድንጋይ ነው።

በአሜሪካ ስመ ጥሩ የአርካንሳሱ ኖቫኩላይት ነው፤ እጅግ ደቃቅ ሲሊካ ስለሆነ ስለቱን ያለሰልሳል። ቢጫው የቤልጂየም ኮቲኩል ደግሞ የሚስለው በውስጡ ባሉት ጥቃቅን የጋርኔት ቅንጣቶች ነው፤ ምላጭ የሚስሉ ሰዎች ይወዱታል። እ.ኤ.አ. በ1891 ኤድዋርድ አቺሰን በኤሌክትሪክ ምድጃ ካርቦረንደምን ከሠራ በኋላ ግን የፋብሪካ ድንጋይ ገበያውን ወሰደ፤ የተፈጥሮውም ቀስ በቀስ ከሣጥን ሥር ቀረ።

ድንጋዩ ከየት እንደወጣ ከቀለሙና ከቅንጣቱ መገመት ይቻላል። ማን እንደሳለበት ግን ድንጋዩ አይናገርም። ያ ጉድጓድ የአንድ ሰው እጅ ለዓመታት የሠራው ነው። የአባታቸውን ዕቃ የሚሸጡትን ልጆች ስጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ «አናውቅም» ይሉኛል።

በእኛም አገር የበዓል በግ ከመታረዱ በፊት ቢላዋውን ደጅ ባለ ድንጋይ ላይ የሚስሉ አባቶች አሉ። አባታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ደውሉላቸው። ድንጋዩን ከየት አመጡት? መሳልስ ማን አስተማራቸው? ልጆቻችሁም አጠገባችሁ ሆነው ይስሙ። መልሱን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ድንጋዩ ባሕር ባይሻገር እንኳ ታሪኩ ይሻገራል።