ማን አተመው?

ተማሪዎች ሆይ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት አንድ የማተሚያ መሣሪያ ለሃያና ለሠላሳ ሠራተኞች በጋራ ሲያገለግል አይታችሁ ይሆናል። ኮምፒውተሮቹ በኔትወርክ የተያያዙ ስለ ሆኑ ሁሉም ከየጠረጴዛው ያዝዛል፤ ወረቀቱ ግን የሚወጣው ከአንድ ቦታ ነው። እንግዲህ ለወር የተመደበው ወረቀት በሳምንት ቢያልቅ፣ ወይም ምስጢር የሆነ ጽሑፍ በማተሚያው ላይ ተትቶ ቢገኝ፣ «ማን አተመው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

ለጥያቄው መልስ የሚፈለገው ከኅትመት መዝገብ ነው። የኅትመት ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚደርሰው ትእዛዞችን ተቀብሎ ወረፋ ወደሚያስይዝ ኮምፒውተር ነው፤ ይህም ሰርቨር ይባላል። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ተራ ቁጥር ይሰጣል፤ እንዲመዘግብ ከታዘዘም የተጠቃሚውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የገጹን ብዛትና የሰነዱን ርእስ ይጽፋል። በሊኑክስና በማክ ኮምፒውተሮች የሚሠራው ካፕስም ሆነ ዊንዶውስ ይህን ለማድረግ ይችላሉ። ስለዚህ መዝገቡ የገቢና የወጪ ደብዳቤ ከሚጻፍበት ባሕር መዝገብ ጋር ይመሳሰላል።

እንዲህ ያለው መዝገብ ብክነትን ስለሚገታና የጋራ ንብረትን ስለሚያስጠብቅ መኖሩ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የመዝገብን ቃል እንደ ፍርድ መቍጠር ስሕተት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሆነውን እንመልከት። ከብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ የወጣ ምስጢራዊ ሰነድ ለአንድ የዜና ማሰራጫ በደረሰ ጊዜ፣ በውስጥ በተደረገው ምርመራ ሰነዱን ያተሙት ስድስት ሰዎች እንደ ሆኑ ታወቀ። የስድስቱም የሥራ ኮምፒውተሮች ሲመረመሩ፣ ከዜና ማሰራጫው ጋር በኢሜል የተጻጻፈች አንዲት ሠራተኛ ተገኘች። እርሷም ጥፋቷን አምና በ2018 የአምስት ዓመት ከሦስት ወር እስራት ተፈረደባት። እንግዲህ መዝገቡ ስድስት ሰዎችን አመለከተ፤ አንዷን ለመለየት ግን ሌላ ማስረጃ አስፈለገ።

መዝገቡ የሚያውቀው የተጠቃሚውን ስም ነው፤ በቍልፎቹ ላይ ያረፈውን እጅ አያይም። በአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ሁሉ «መምህር» በሚል አንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ይጠቀማሉ እንበል። የፈተና ጥያቄ ከፈተናው ቀን በፊት ታትሞ ቢወጣ፣ መዝገቡ ንጹሑን ከጥፋተኛው ጋር አንድ ላይ ያስጠረጥራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ስምና የራሱ የይለፍ ቃል ሊሰጠው ይገባል። የይለፍ ቃሉን ለባልንጀራው ያዋሰ ሰውም ስሙን ማዋሱን ይወቅ።

«ንጹሕ ሰው መዝገብን ለምን ይፈራል?» የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን የሰነድ ርእስ ብቻውን ብዙ ይናገራል። «የሕክምና ማስረጃ» ወይም «የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻ» የሚል ርእስ በመዝገቡ ሰፍሮ ቢነበብ፣ ምንም ያላጠፋ ሰው ምስጢሩ ይገለጥበታል። ወረቀትን ለመቈጣጠር የገጹ ብዛት ይበቃል፤ ርእሱን መጻፍ ግን የግድ አይደለም።

በእኔ አስተያየት ኅትመትን የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት ሦስት ግዴታዎች አሉበት። መጀመሪያ፣ መመዝገቡን ለሠራተኞቹ አስቀድሞ ያስታውቅ። ሁለተኛ፣ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ አይጻፍ፤ ጊዜው ያለፈበትም ይሰረዝ። ሦስተኛ፣ በመዝገቡ ቃል ብቻ ማንም አይቀጣ፤ ስሙ የተገኘበት ሰው ይጠየቅ፤ መልሱም ይሰማ።

እናንተም ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የምትሠሩ፣ አንዳንዶቻችሁም መዝገቡን የምትይዙ ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ አንድ ስም በመዝገቡ ላይ ስታገኙ፣ ለመክሰስ ከመቸኰል «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለውን የአባቶች ምክር አስቡ።