ከመስኮቱ ወዲህ



ሰሞኑን ግጥም አብረን ከምናነብ ወዳጆቼ አንዱ፣ የኮምፒዩተር ጨዋታ ስለ ሕሊና አንድ ነገር አስተማረኝ ማለቴን ሰምቶ ሳቀብኝ። «ልጆች ጊዜ የሚገድሉበትን ነገር ከመጽሐፍ ጎን ታቆማለህን?» አለኝ። በቦታው የነበሩትም አብረውት ሳቁ። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝም ያልኩት ግን ተረትቼ አይደለም፤ መልሴ ከአንድ ስኒ ቡና ስለሚረዝም ነው። እነሆ መልሴ።

ጨዋታው «ፔፐርስ፣ ፕሊዝ» ይባላል፤ «ወረቀትዎን፣ እባክዎ» እንደ ማለት ነው። ሉካስ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ ሠርቶ በ2013 እ.ኤ.አ. አወጣው። በማግሥቱ ዓመት የብሪታንያው የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ (ባፍታ) ሸልሞታል፤ እኔ ግን በሽልማት አልከራከርም። ታሪኩ የሚፈጸመው አርስቶትስካ በምትባል፣ በካርታ ላይ በሌለች አገር ነው። አገሪቱ ከጎረቤቷ ከኮሌቺያ ጋር 6 ዓመት ተዋግታ ድንበሯን ገና መክፈቷ ነው። ተጫዋቹ የሥራ ዕጣ ወጥቶለት ግሬስቲን በተባለው ኬላ የፓስፖርት መርማሪ ሆኖ ይቀጠራል። ፊት ለፊቱ መስኮት፣ ከመስኮቱ ማዶ የማያልቅ ሰልፍ፣ በእጁ ሁለት ማኅተም፤ አረንጓዴው «ይግባ»፣ ቀዩ «ይመለስ»።

ሥራው ወረቀት ማመሳከር ነው። ስም ከስም፣ ፎቶ ከፊት ይገጥማልን? የፓስፖርቱ ዘመን አልፏልን? ማኅተሙ እውነተኛ ነውን? ደንቡ በየማለዳው ይለዋወጣል፤ ትናንት ያስገባ ወረቀት ዛሬ አያስገባም። ክፍያው በተስተናገደው ሰው ልክ ነው፤ በአንድ ሰው 5 ክሬዲት። ለተሳሳተ መርማሪ ወዲያው ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ በየቀኑ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስሕተቶች በነጻ ይታለፋሉ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ግን ገንዘብ ይቆረጣል። ማታ ደግሞ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ማሞቂያና መድኃኒት አለ። ሚስት፣ ልጅ፣ አማትና አጎት ይጠብቃሉ። ገንዘቡ ካልበቃ ይራባሉ፣ ይበርዳቸዋል፣ ይታመማሉ።

ከዕለታት አንድ ቀን ባልና ሚስት ይመጣሉ። የባልየው ወረቀት የተሟላ ነው፤ ቀጥላ ለምትመጣው ባለቤቱ እንድንራራላት ለምኖን ያልፋል። ሚስቲቱ ግን የመግቢያ ፈቃድ የላትም፤ ወደ አገሯ ብትመለስ እንደምትገደል ትናገራለች። ደንቡን ያከበረ ባልን ከሚስቱ ይለያል፤ የራራ ማስጠንቀቂያ ይቀበላል።

እኔ ያደረግሁትን ልናዘዝ። መለስኳት። ሁለቱን ነጻ ስሕተቶች በጥድፊያ አባክኛቸው ነበር፤ ለቤት የሚበቃ ገንዘብም አልያዝኩም። የሚያስደነግጠኝ ግን ይህ አይደለም። የሚያስደነግጠኝ ቀዩን ማኅተም ስመታ ስለ ሴቲቱ አለማሰቤ ነው። የማስበው ስለ ሰዓቱ ነበር።

ወዳጄ ሆይ፣ መጽሐፍ ይህን ሲያደርግብህ አይተሃልን? እኔ መጽሐፍ ሳነብ ሁልጊዜ ደግ ነኝ። ጨካኙን ሹም እጠላለሁ፤ ለተበደለው አለቅሳለሁ፤ መጽሐፉን ስዘጋም ራሴን ከተበዳዩ ጎን ቆሜ አገኘዋለሁ። የእኛ ግጥሞችም እንዲሁ ናቸው፤ የኔዎቹንም ጨምሮ። ደጅ ለሚጠናው የማያዝን ገጣሚ የለንም፤ በሩን የሚዘጋው ሰው ግን ሁልጊዜ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ በር የሚዘጋው ማን ነው ታዲያ? ሁላችንም ሰልፈኞች ከሆንን ከመስኮቱ ወዲህ የተቀመጠው ማን ሊሆን ነው?

«ኦሮማይ»ን የሚጠቅስብኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ልክም ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው በዚያ ልብ ወለድ ዋናው ባለታሪክ ከሥርዓቱ ጋር የተሰለፈ ጋዜጠኛ ነው፤ ነገሩን ከውስጥ ሆኖ ያሳየናል። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ መቅረቱም፣ ከመስኮቱ ወዲህ ሆኖ እውነት መናገር የሚያስከፍለውን ዋጋ ይመሰክራል። የአርስቶትስካው ታሪክ የሚፈጸመውም፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ በ1982 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር በኅዳርና በታኅሣሥ 1975 ዓ.ም. ነው። ያ ዘመን ለአባቶቻችንም ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ይጠየቅ የነበረበት፣ «ይለፍ» የምትባል ቁራጭ ወረቀት የሰው መንገድ ትወስን የነበረበት ዘመን ነው። እያንዳንዷን ይለፍ የጻፈ፣ ወይም የከለከለ፣ አንድ ጸሐፊ ነበረ። ስለ እርሱ ግን ስንት ግጥም አለን?

«ጨዋታ እኮ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያጠፋኸውን ቀን ደግመህ ትጫወተዋለህ፤ ዋጋ የሌለው ምርጫ ምን ምርጫ ነው?» ይሉኛል። ወደ ኋላ መመለሱ እውነት ነው፤ ፍጻሜውም አንድ አይደለም፣ 20 ነው። ነገር ግን እኔ ያቺን ቀን ደግሜ ስጫወት አንድ ነገር አልተመለሰልኝም፤ በመጀመሪያው ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ማወቄ። ሁለተኛው ምርጫ የታሰበበት ነው፤ የመጀመሪያው ግን እኔ ነኝ።

አሁን ይህን ሁሉ ለምን እንደምል ልንገራችሁ። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ፊት ለፊቴ መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ማዶ ሰልፍ አለ፤ በእጄ ማኅተም አለ። የፋሲካ ሰሞን አንዲት እናት ከቤሩት ልጃቸው የላከችላቸውን ገንዘብ ሊወስዱ መጡ። በስማቸው ውስጥ ፀሐይ አለች። መታወቂያቸው ላይ ስማቸው በላቲን ፊደል ሲጻፍ በ«ቲ» ይጀምራል፤ ልጃቸው የላከችበት ግን በ«ኤስ»። «እማማ፣ ስሙ አይገጥምም» አልኳቸው። ወረቀቱን ሳይሆን እኔን አዩኝና «ልጄ፣ እኔ እኮ ነኝ» አሉኝ። የሚቀጥለውን ጠራሁ።

ፀሐይን በየትኛው «ፀ» እንደምንጽፍ እኛ የፊደል ወዳጆች ስንት ምሽት ተከራክረናል! የክርክራችንን ዕዳ ግን እኒያ እናት ከፈሉት፤ በዓሉን ያለ ልጃቸው ገንዘብ ዋሉ። እኔም በዚያው ሳምንት ስለ እናት ግጥም ጻፍኩ፤ ሲነበብም ተጨበጨበልኝ።

«ታዲያ ደንብ ይፍረስ ነው የምትለው?» የሚለኝ ይመጣል። አይደለም። በሌላው ስም የመጣን ገንዘብ ለአጭበርባሪ ከፍሎ ከደመወዙ የተቆረጠበትን የሥራ ባልደረባ አውቃለሁ። ጨዋታውም ቢሆን ደግነትን በርካሽ አይሸጥም። ቤተሰቡን ይዞ ሊኮበልል የሚሻ መርማሪ የሚያስፈልገውን ፓስፖርት የሚያገኘው ከሌላ ምስኪን መንገደኛ ነጥቆ ነው። ደንብንም ብቻውን አያመልክም። አንዲት ሴት ከኋላዋ የሚመጣው ሰው ሴቶችን የሚነግድ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወሻ ትሰጠናለች፤ የሰውየው ወረቀት ግን እንከን የለውም፤ ደንቡ «ይግባ» ይላል። እንግዲህ ወረቀቱ የጎደለ ሁሉ ወንጀለኛ፣ የተሟላለትም ሁሉ ንጹሕ እንዳልሆነ ማየት ለመርማሪው ቀርቷል።

ወደ ሁለቱ ነጻ ስሕተቶች ልመልሳችሁ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው። ያ ጨካኝ መንግሥት እንኳ ለመርማሪው በቀን ሁለት ጊዜ የመሳሳት መብት ትቶለታል። አብዛኛውን ጊዜ እኔ ይህን መብት በቸልተኝነት አጠፋዋለሁ፤ የሚራራለት ሰው ሲመጣ ባዶ እጄን እገኛለሁ። በእውነተኛው መስኮቴም እንዲሁ ነው። ደንቡን ሳልጥስ ለእኒያ እናት ማድረግ የምችለው ነገር ነበር። ወንበር ማቅረብ፣ ኃላፊዬን ማማከር፣ ልጃቸው ስሙን እንድታስተካክል ምን ብለው እንደሚነግሯት በወረቀት መጻፍ። ይህ ሁሉ የሚፈጀው 10 ደቂቃ ነበር። እኒያን 10 ደቂቃዎች በዚያን ዕለት በምን እንዳጠፋኋቸው አላስታውስም።

ስለዚህ እልሃለሁ ወዳጄ፤ «ደንቡ ነው» የሚለው ቃል ውሸት የሚሆነው ደንቡ የሚፈቅደውን ሁሉ ሳናደርግ ስንናገረው ነው። እኔ ይህን በሥራዬ ዓመታት ከተነበቡ መጻሕፍት አልተማርኩትም። መጻሕፍቱ ጎድለው አይደለም፤ እኔ ሳነብ የምቀመጥበትን ወንበር ራሴ ስለምመርጥ ነው። ያ የናቅኸው ጨዋታ ግን ወንበሩን መረጠልኝ፤ በየቀኑ ከምቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀመጠኝ።

መጽሐፍን ጣሉ አልልም፤ እኔም አልጥልም። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ቀጣዩን ግጥማችሁን ከመስኮቱ ወዲህ ሆናችሁ ጻፉት። መምህር ከሆናችሁ ውጤት ስትሰጡ፣ ነርስ ከሆናችሁ ካርድ ስትጠይቁ፣ ዘበኛ ከሆናችሁ በር ላይ ስትቆሙ የምታዩትን ሰው ጻፉት። እኔም ጀምሬያለሁ፤ ከአንድ ስንኝ አላለፍኩም። እኒያ እናት ከበዓል በኋላ ወረቀታቸውን አስተካክለው ተመልሰው ነበር። በእኔ መስኮት ግን አልቆሙም፤ ሰልፉ የሚረዝመውን መርጠው ቆሙ።