ሁለት ደቂቃ ማውራት

የእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛው የአይኤልትስ ፈተና ቀን ሲቃረብ ወጣቶቻችን የሚያነቡት በቴሌግራም የሚዘዋወር የጥያቄና መልስ ጥራዝ ነው። መልሱን ቃል በቃል ይሸመድዱታል። ይህን ልምድ አጥብቄ እቃወማለሁ።

የንግግሩ ክፍል የሚወስደው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ስለ መኖሪያ፣ ስለ ሥራና ስለ ትምህርት ይጠየቃል። ቀጥሎ ርእስ የተጻፈበት ካርድ ይሰጣል፤ አንድ ደቂቃ አስቦ እስከ ሁለት ደቂቃ ሳያቋርጡ መናገር ነው። በመጨረሻ በዚያው ርእስ ዙሪያ ጠለቅ ያለ ውይይት ይከተላል። ፈታኙ የተሸመደደ መልስ ለይቶ ያውቃል። ስለሚያደንቁት ሰው ተጠይቆ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1996 አትላንታ፣ በ2000 ሲድኒ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ማግኘቱን አንበልብሎ የጨረሰ ልጅ፣ «ዝነኛ ሰዎች ለወጣቶች አርአያ መሆን አለባቸው?» ሲባል ቃል ያጥረዋል። ያሳደጉትን አያቱን ቢያነሳ ኖሮ የሚናገረው አያልቅበትም ነበር።

ተፈታኞችን ሳለማምድ ደጋግሜ የማየው ችግር ግን ከእንግሊዝኛ ችሎታ የሚመጣ አይመስለኝም። ተፈታኙ «ሥራህን ትወደዋለህ?» ሲባል «አዎ፣ እወደዋለሁ» ብሎ ዝም ይላል፤ ዐይኑንም ሰበር ያደርጋል። ያደግነው እንዲህ ነው። ታላቅ ሲጠይቅ አጠር አድርጎ መመለስ ጨዋነት ነው፤ ስለ ራስ ማብዛት ጉራ ነው። ትምህርት ቤቱም አላገዘንም። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ተምረን፣ ብሔራዊ ፈተናው የሚጠይቀን ትክክለኛውን ፊደል እንድንመርጥ ነው። «አንተስ ምን ትላለህ? ለምን?» ብሎ መልሳችንን በትዕግሥት የሚያዳምጥ ሰው ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናገኘው ከዚያ ፈታኝ ፊት ስንቀመጥ ነው። ጨዋው ልጅ በጨዋነቱ ነጥብ ማጣቱ በጣም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ልምምዱ በአማርኛ ቢጀመር እላለሁ። ካርዱን ይዞ፣ ሰዓት ቆጥሮ፣ ሁለት ደቂቃ በአማርኛ መተረክ፤ ማን፣ የት፣ እንዴት፣ ምን ተሰማኝ። በአማርኛ በግማሽ ደቂቃ ያለቀበት ሰው በእንግሊዝኛ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ አይችልም። ከዚያ ያንኑ ታሪክ በእንግሊዝኛ መድገም፣ በስልክ መቅዳትና መስማት። መጀመሪያ የሚታረመው ንግግሩ የት የት ላይ እንደቆመ ነው፤ ሰዋስውና የቃላት ምርጫ በማግስቱም ይደርሳሉ። አራቱ መመዘኛዎች ማለትም ቅልጥፍና፣ ቃላት፣ ሰዋስውና የቃላት አጠራር እኩል ነጥብ ስላላቸው፣ አንዲት የግሥ ስህተት ለማረም ሲሉ ሐረጉን ሦስቴ መጀመር ኪሳራ ነው። የአበሻ ቅላጼ ይዞ መናገርም አያሳፍርም፤ የሚመዘነው ንግግሩ ያለ ችግር መሰማቱ ነው።

ለፈተናው የሚከፈለው ገንዘብ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው፤ ልጆቹ እዚያ ክፍል እስኪገቡ መጠበቅ የለብንም። የእንግሊዝኛ መምህራንን የምለምነው በሳምንት አንድ ቀን አራት ደቂቃ ብቻ ነው። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል ቢሆንም ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ሁለት ደቂቃ ይናገር፣ ሌላው ያዳምጥ፤ ከዚያ ይቀያየሩ። ጫጫታ ይሆናል። ይሁን።