እናታችንና የደብሩ ወይራ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ባልና ሚስት ስምምነት፣ ስለ ቤት ወጪም አያሌ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ የምናነሣው ነገር ከደጅ የቆመ ቢመስልም ከቤተ ሰብ ጤና ጋር በብዙ የተያያዘ ነው። ይኸውም ሰው ከዛፍ፣ ከአፈርና ከሰማይ በተለየ ጊዜ ስለሚያድርበት የመንፈስ ጭንቀት ነው። ነገሩን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳችን ቤት እንጀምራለን፤ በዚህ ጉዳይ ጥፋተኞች ሆነን የተገኘነው እኛው ነንና።

አባታችን ካረፉ በኋላ ወላጅ እናታችንን ከደቡብ ጎንደር ገጠር አንሥተን ወደ አዲስ አበባ አመጣናቸው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውኃው ከቧንቧ፣ ምድጃው በኤሌክትሪክ፣ ሐኪሙም ከቅርብ ስለሆነ፣ እናታችን ከእንግዲህ ያርፋሉ ብለን ደስ ብሎን ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ ግን ምግብ ቀነሱ፤ ንግግርም ተዉ። ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ በርጩማ አድርገው ፊት ለፊት የቆመውን ሕንፃ ይመለከታሉ። ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው፤ የደም ግፊታቸውንና ስኳራቸውን መርምሮ ደኅና ናቸው አለን። የአባታችን ሐዘን ነው ብለን እናጽናናቸው ጀመር። እንደ መምህር ልማዳችንም ምክር አበዛንባቸው። አንድ ማታ ምክራችንን እስክንጨርስ ጠብቀው እንዲህ አሉ።

«ልጄ፣ ምንም አልጎደለኝም። ዳሩ ግን ከዚህ ሆኜ የሚታየኝ የተሰጣ የሰው ልብስና ግድግዳ ነው። አገር ቤት ዋንዛው ሲያብብ ንቡን አያለሁ፤ ወፉ ሲንጫጫ ነጋ እላለሁ። እዚህ መንጋቱን የምትነግሩኝ እናንተ ናችሁ።»

እኛም የእርጅና ነገር ነው ብለን አለፍነው።

ከዚያ በኋላ የወንድማችን ልጅ ለዕረፍት መጥታ በማለዳ ወደ ደብራችን ኪዳን ለማድረስ ይዛቸው ሄደች። ሰው ሁሉ ሲበተን እናታችን በሰሜን በኩል ካለው ትልቅ ወይራ ሥር ተቀምጠው ቀሩ። ልጅቱ ልታስነሣቸው ብትል «ትንሽ ቆዪ» አሏት። ያ ትንሽ እስከ ረፋድ ድረስ ሆነ። በዚያን ዕለት ወደ ቤት ተመልሰው ቡና እንዲቆላላቸው አዘዙ፤ በምሳም ወጡን ቀምሰው ጨው አነሰው ብለው ተቆጡ። ከስንት ወር በኋላ የሰማነው የመጀመሪያ ቁጣቸው ስለ ነበረ በቤታችን እንደ በዓል ተቆጠረ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ካልከለከላቸው በቀር ከወይራው ሥር ሳይቀመጡ የዋሉበት ቀን ጥቂት ነው።

አንድ ዛፍ ሰው ፈወሰ ማለታችን አይደለም። የአባታችን ሐዘን ዛሬም አልተለያቸውም፤ ሌሊት ሲያለቅሱ እንሰማቸዋለን። ደግሞም ጭንቀት በርትቶ እንቅልፍና ምግብ ሲከለክል፣ ይልቁንም ሰው በሕይወቱ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ወደ ሐኪም መውሰድ ግዴታ ነው፤ ጠበል የሚጠመቅም ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። ነገር ግን ነፍስ ስትዝል በመጀመሪያ የሚያስፈልጋት ምንድን ነው? ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ምድረ በዳ በገባ ጊዜ ሞቱን እስከ መለመን ደርሶ ነበር። በመጽሐፈ ነገሥት እንደ ተጻፈው ከክትክታ ዛፍ ሥር ተኛ፤ መልአኩም ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ በልቶም እንደገና ተኛ። «ኤልያስ ሆይ፣ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ የተጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጥላው፣ እንቅልፉና እንጎቻው ቀደሙ። እኛ መምህራን ግን ብዙውን ጊዜ ከጥያቄው እንጀምራለን።

በዚህ ረገድ የዘመኑ ተመራማሪዎችም የደረሱበት ነገር አለ። ሮጀር ኡልሪክ የተባሉ አሜሪካዊ በፔንስልቬንያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1972 እስከ 1981 ዓ.ም. በሐሞት ከረጢት ሕመም ምክንያት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ46 ሕሙማን መዝገብ መረመሩ። የ23ቱ መስኮት ወደ ዛፎች፣ የ23ቱ ደግሞ ወደ ጡብ ግድግዳ የሚያሳይ ነበር። በ1984 ዓ.ም. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት እንዳሳተሙት፣ ዛፍ ይታያቸው የነበሩት ቀደም ብለው ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ ብርቱውን የሕመም ማስታገሻም በጥቂቱ ወስደዋል። 46 ሰው ጥቂት ነውና ጥናቱ ብቻውን ሁሉን አያስረዳም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ አያሌ ምሁራን ጥያቄውን ተከትለውታል። ጃፓኖችም ከ1982 ዓ.ም. ጀምረው ሕዝባቸው በጫካ ውስጥ በዝግታ እንዲመላለስ ሲያበረታቱ፣ ነገሩን «ሺንሪን ዮኩ»፣ በጫካ መታጠብ፣ ብለው ሰየሙት። እናታችን ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ ከጫካ ለመግባት ስም ማውጣት ያስፈልጋል ወይ አሉ።

መሳቃቸው አያስደንቅም። የተወለዱበት የደቡብ ጎንደር ምድር ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ ሲታይ በታረሰው መሬት መካከል ትንንሽ አረንጓዴ ክቦች ተበታትነው ይታያሉ፤ በየክቡም መካከል የቤተ ክርስቲያን ጣራ አለ። በዙሪያው የነበረው ጫካ ለእርሻ፣ ለግጦሽና ለማገዶ ሲያልቅ ይህ የቀረው ቅጽሩን ሰው ስለ ፈራውና ስላከበረው ነው። የደን ሊቅ የሆኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዚያው አገር በ28 አብያተ ክርስቲያናት አጥንተው፣ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ዋንዛው ሁሉ በዚያ ተጠልሎ ይኖራል። ነገር ግን ከብት እየገባ ችግኙን ስለሚበላና ስለሚረግጥ፣ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ ያጣል። ስለዚህ እርሳቸውና አሜሪካዊቱ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ተስማምተው በጫካዎቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ አድርገዋል። ድንጋዩ የሚለቀመው ከእርሻው ላይ ስለሆነ ገበሬውም ማሳው ይጠራለታል።

እንግዲህ ገበሬው ድንጋይ ተሸክሞ የሚጠብቀውን እኛ የከተማ ሰዎች ምን እያደረግነው ነው? ጥፋታችንን የምንናገረው እዚህ ላይ ነው።

የደብራችን የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ነን። እናታችን ከመምጣታቸው አስቀድሞ በሰሜን በኩል አዳራሽና የሚከራዩ ሱቆች እንዲሠሩ ተወሰነ። ውሳኔው የክፋት አልነበረም። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ በክረምት እየራሳቸው ይማራሉ፤ የካህናቱም ደመወዝ በየወሩ ያስጨንቃል። ቃለ ጉባኤውን የጻፍን፣ «ሰባት ዛፎች ይነሣሉ» የሚለውን መስመር በእጃችን ያሰፈርን እኛ ነን። እጃችንንም አውጥተን ደግፈናል። አንድ አባት በምትካቸው ባሕር ዛፍ ይተከል ብለው ሲያሳስቡ ሁላችንም ተስማማን። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ያቃለለ ባለውለታ መሆኑን አንክድም፤ ቶሎም ያድጋል። ዛሬ የተተከለ ወይራ ግን እናታችን የሚቀመጡበትን ዓይነት ጥላ የሚሰጠው እኛም ሆንን የጉባኤው አባላት ካለፍን በኋላ ነው።

ባለፈው ወር እናታችን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ «በወይራው ግንድ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተውበታል፤ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን።

«ቁጥር ነው» አልናቸው።

«ለምን ይቆጠራል?»

መልስ አጣን። ከራት በኋላ እውነቱን ነገርናቸው፤ ቃለ ጉባኤውን ማን እንደ ጻፈውም ጭምር። ምንም አልተናገሩም። ሁለት ቀን ከበረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ እኛም ያ ዝምታ ተመለሰ ብለን ፈራን። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ምርኩዛቸውን አንሥተው «ቆሞ ሳለ ልየው እንጂ» ብለው ወጡ።

በማግሥቱ ለጉባኤው ደብዳቤ አስገባን። አዳራሹ በምሥራቅ በኩል ወዳለው አሮጌ የዕቃ ቤት ስፍራ እንዲዛወር ነው የጠየቅነው። መሐንዲሱ ይቻላል ብለዋል፤ ነገር ግን ሱቆቹ ከስድስት ወደ ሦስት ይቀንሳሉ፤ ኪራዩም በዚያው ልክ ያንሳል። የገንዘብ ያዡ ቅሬታ ተገቢ ነው፤ ለጎደለው ገቢ ምንጭ አምጡ ብለውናል። ስለዚህ ከአንዳንድ ምእመናን ጋር ሆነን በየወሩ የምናዋጣውን መጠን በመጻፍ ላይ ነን፤ እስካሁን የአንዱን ሱቅ ኪራይ የሚተካ ቃል ተገብቶልናል። ስብሰባው በሚቀጥለው ወር በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይደረጋል። በዚያ ቀን ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሌላ ሰው እንዲመረጥ አመልክተናል፤ እኛ ለመናገር እንፈልጋለንና።