ለሚጠራጠረውም ለሚቈጣውም

ከቂርቆስ ቅዳሴ ወጥተን ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ስንሄድ አንድ የተማረ ወጣት ቀርቦ «የኔታ፤ ወንጌል ነገሩ ከሆነ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ የተጻፈ፤ ሲገለበጥም የተለዋወጠ ነው ይባላልና እንዴት እንመነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አብሮኝ የነበረ ካህን ግን አፌን ሳልከፍት «ዝም በል፤ መጽሐፍ አይመረመርም» ብሎ ገሠጸው። ወጣቱም አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ዝም ያልኩት እኔም የበደሉ ተካፋይ ነኝና ዕዳዬን በዚህ ጽሑፍ እከፍላለሁ።

አስቀድሞ ለሚጠራጠረው እመልሳለሁ። የቆምንበት አደባባይ ሜክሲኮ የተባለው፤ ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በያዘ ጊዜ የሜክሲኮ መንግሥት ወረራውን ሕጋዊ አድርጌ አልቀበልም ስላለ ነው። ወጣቱ ያን ጊዜ አልተወለደም፤ ነገር ግን አይጠራጠርም፤ የነበሩት ተናግረዋልና፤ መዝገብም ይመሰክራልና። እንግዲህ ወንጌልንም በዚሁ ሚዛን ይመዝን። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የላከውን የመጀመሪያ መልእክት የአውሮጳ መርማሪዎች እንኳ የእርሱ ነው ይላሉ፤ የተጻፈውም ከስቅለት በኋላ 30 ዓመት ሳይሞላ ነው። በዚያም ትንሣኤውን ያዩት ከ500 እንደሚበዙ፤ ከእነርሱም የሚበዙት በሕይወት እንዳሉ ይናገራል። ሐሰተኛ ሰው ገና በሕይወት ያለ ምስክር አይጠራም። የሐዋርያት ሥራ የሚጠቅሰው ጋልዮስም አገረ ገዥ እንደ ነበረ በግሪክ አገር በዴልፊ የተገኘ የድንጋይ ጽሕፈት ያረጋግጣል።

ስለ መገልበጡም የራሳችን መጽሐፈ ሄኖክ ይመልሳል። ሌላው ዓለም አጥቶት ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ ነበር። በኋላ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፉ የአራማይስጥ ቍርጥራጮች ተገኙ። በእነርሱና በእጃችን ባሉት ብራናዎች መካከል ከ1000 ዓመት በላይ አለ፤ ቢሆንም ቃሉ በብዙው ሲስማማ ታየ። ገልባጭ ሁሉ አጥፊ አይደለም ማለት ነው።

ለሚቈጣው ወንድሜም እንዲህ እላለሁ። ይህን ያህል መልስ ሳለን ስለ ምን እንፈራለን? በቅኔ ቤት ተማሪ የቈጠረውን ቅኔ መምህሩ ሳያርመው በማኅበር ፊት አይቆምበትም። የቀደሙ ሊቃውንትም በአንድምታው የአንዱ ብራና ንባብ ከሌላው ሲለይ «እንዲህ ቢል» እያሉ ሁለቱንም ተረጐሙ እንጂ ልዩነቱን አልሸሸጉም። እኛም አንሸሽግ። የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ከቍጥር 9 እስከ 20 ያለው፤ በ4ኛው መቶ ዓመት በተጻፉት ሁለት ታላላቅ የግሪክ ብራናዎች የለም። ሉቃስ የጠቀሰው የቄሬኔዎስ ቈጠራ ከሄሮድስ ዘመን ጋር እንዴት እንደሚገጥም እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከሄኖክም ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው በቁምራን አልተገኘም። ወጣቱ ይህን ከሌላ አፍ ቢሰማ «አታለሉኝ» ይላል፤ ከእኛ ቢሰማ ግን የቀረውንም ቃላችንን ያምናል።

ደግሞም ምርመራ አክብሮናል እንጂ አላዋረደንም። በዐድዋ አጠገብ ባለው ገዳም የሚገኘውን የአባ ገሪማን ወንጌል የውጭ ሊቃውንት ብዙ ዘመን ዝቅ አድርገው ይገምቱት ነበር፤ ብራናው በኦክስፎርድ በተመረመረ ጊዜ ግን ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን የተዘጋጀ ሆኖ ተገኘ። ሆኖም በዚህ አንታበይ። የብራና ዕድሜ የንባቡን ጥንታዊነት ያስረዳል እንጂ ትንሣኤን አያስረዳም፤ ምስክሩን መመዘን የአእምሮ ሥራ ነው፤ ምስክሩን ተቀብሎ መኖር ግን የእምነት ነው። ተጠራጣሪው ፊተኛውን ሳይሠራ ኋለኛውን ይጥላል፤ ተቈጪውም ኋለኛውን እጠብቃለሁ ብሎ ፊተኛውን ይከለክላል።

ካህናት አባቶቼና ወንድሞቼ ሆይ፤ የሚጠይቅ ልጅ ገና በደጃችን ያለ ነው፤ የሄደው መጠየቁን የተወው ነው። ያ ወጣት ይህን ቢያነብ እነሆ መልሴ፤ አይበቃኝም ቢል ደግሞ ወደ ቂርቆስ ይመለስ፤ መጽሐፉን ገልጠን አብረን እንመርምር።