ስለ መሬት መንቀጥቀጥና ስለ ሰው እጅ ሥራ

በመስከረም ወር 2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ተራራ አካባቢ የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ የካቲት ድረስ እየበረታ ሄዶ የመተሐራንና የአዋሽ ሰባት ኪሎን ሕዝብ ከቤቱ አውጥቶ ሜዳ ላይ ባሳደረ ጊዜ፣ በስምጥ ሸለቆ ከተሞችም በአዲስ አበባም አንድ ጥያቄ ከአፍ ወደ አፍ ሲዘዋወር ሰነበተ። ይኸውም ምድሪቱን ያናወጣት የቆየ የተፈጥሮ ጠባይዋ ነው ወይስ የሰው ልጅ ውኃ በመገደቡና ጕድጓድ በመቆፈሩ የመጣ ነው የሚል ነው። በአገር ውስጥም በውጭ አገርም ታላቁን የሕዳሴ ግድብ ምክንያት አድርገው የተናገሩ ሰዎች ተሰምተዋል።

ጥያቄውን ካለማወቅ የመጣ ነው ብሎ ማቃለል አይገባም። የሰው ሥራ ምድርን ሊያናውጥ እንደሚችል በብዙ አገር በመሣሪያ ተመዝግቦ የተረጋገጠ ነገር ስለ ሆነ፣ ሕዝቡ የጠየቀው ተገቢውን ነው። መልሱ ግን በግምትና በወሬ የሚገኝ አይደለም።

አስቀድሞ በፈንታሌ የሆነውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ከአዳማ ወደ ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከፈንታሌ እስከ ዶፈን ተራራ ባለው መሥመር፣ ከጥልቅ የተነሣ ቅልጥ ዓለት በምድር ስንጥቅ ውስጥ ወደ ጎን እየተገፋ ገባ። ከሰማይ ሆነው ምድርን የሚለኩ ሳተላይቶች መሬቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንደ ተከፈተ፣ በመካከሉም እንደ ሰመጠ በግልጽ አሳይተዋል። በታኅሣሥ መጨረሻ በዶፈን አጠገብ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ሲወጣ ታየ፤ መንግሥትም ሰማንያ ሺህ ያህል ሕዝብ ለአደጋ የተጋለጠ መሆኑን አስታውቆ ከስፍራው ማንሣት ጀመረ። የካቲት 7 ቀን ደግሞ መጠኑ 6.0 የሆነ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ። በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር ሲጨመር የሚለቀቀው ኃይል ሠላሳ እጥፍ ያህል የሚያድግ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ይህን የመሰለ ነገር ከግድብ ውኃ አይመጣም። የሕዳሴው ግድብ ከፈንታሌ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ የተጠራቀመ ውኃ የሚያሳድረው ክብደትና ግፊትም በሐይቁ ሥርና በቅርብ ዙሪያው የሚሠራ እንጂ ይህን ያህል አገር አቋርጦ የሚሄድ አይደለም። የከሰም ግድብ ግን በእውነት ቅርብ ነው። ሆኖም ሳተላይቱ ያሳየው የቅልጥ ዓለት መግባት ስለ ሆነ፣ ስለ ከሰም ሊጠየቅ የሚገባው ግድቡ መሬቱን አናወጠ ወይ የሚለው ሳይሆን መሬቱ ሲናወጥ ግድቡ ጸንቶ ይቆማል ወይ የሚለው ነበር።

ደግሞም ይህ አገር ግድብና ፋብሪካ ሳያውቅ ሲናወጥ የኖረ ነው። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ አካባቢ የተነሣው ታላቅ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶአል። በ1953 ዓ.ም. በሸዋ ቆላ የማጀቴ መንደር ፈረሰ፣ ካራ ቆሬም ተጎዳ፤ በ1961 ዓ.ም. በአፋር የሰርዶ ከተማ ጠፋች፤ በ1985 ዓ.ም. ናዝሬት ራስዋ ተንቀጠቀጠች። ከእነዚህ የሚበዙትን ከቆዩ ጽሑፎችና ከመሣሪያ መዝገብ አሰባስበው በፈረንጆች 1979 ዓ.ም. በመጽሐፍ ያወጡት፣ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋሙት ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዋን ናቸው። ሊቃውንትም ለስምጥ ሸለቆው አዳዲስ ስንጥቆች ስም ባወጡ ጊዜ ከአዳማ አጠገብ ወስደው የወንጂ የስንጥቅ ቀበቶ ብለው ሰየሙአቸው። የወንጂ ስም በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ከስኳሩ ይልቅ በስንጥቁ የታወቀ መሆኑን ብዙ የአዳማ ሰው አልሰማ ይሆናል።

እንግዲህ የፈንታሌው ጉዳይ የተፈጥሮ ነው ከተባለ ነገሩ በዚህ የሚያልቅ ይመስላል። ነገር ግን አያልቅም። የምድር ስንጥቅ ማለት ሁለት ታላላቅ የዓለት ገጾች እርስ በርሳቸው ተጫጭነው፣ በክብደታቸው ተያይዘው የቆሙበት ስፍራ ነው። ውኃ በግፊት በመካከላቸው ሲገባ የሚያያይዛቸው ጉልበት ይቀንሳል፤ ለመንሸራተት ጥቂት ብቻ የቀረው ዓለትም ያን ጊዜ ይንሸራተታል። ሰው ኃይሉን አልፈጠረውም፤ ተፈጥሮ ለዘመናት ያጠራቀመችውን ለቀቀው እንጂ። ከዚህም የተነሣ የሰው ሥራ ይበልጥ ሊያሰጋ የሚችለው ምድሪቱ ቀድሞውኑ በተወጠረችበት አገር ሲሆን፣ ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ከእነዚህ አገሮች አንዱ ነው።

ይህ እንዴት እንደ ታወቀ መናገር ይጠቅማል። በአሜሪካ በኮሎራዶ፣ በዴንቨር ከተማ አጠገብ፣ የጦር ሠራዊቱ የኬሚካል ፋብሪካ መርዛም ፍሳሹን የሚያስወግድበት ስፍራ ቢያጣ፣ ከሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሜትር የሚዘልቅ ጕድጓድ አስቆፍሮ ከፈረንጆች 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ምድር ውስጥ ይገፋው ጀመር። ብዙም ሳይቆይ መንቀጥቀጥን ያልለመደው የዴንቨር ሕዝብ ምድር ሲነዋወጥ ተሰማው። በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ከሰባት መቶ የሚበልጡ መንቀጥቀጦች ተቈጠሩ። ዴቪድ ኢቫንስ የተባለ የምድር አጥኚ በየወሩ የተገፋውን ፍሳሽ ልክና በየወሩ የተቈጠረውን መንቀጥቀጥ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ቢያሰፍረው፣ አንዱ ሲጨምር ሌላውም የሚጨምር፣ አንዱ ሲቀንስ ሌላውም የሚቀንስ ሆኖ ተገኘ። በ1966 ሥራው ቆመ። ነገር ግን ከሁሉ የበረቱት መንቀጥቀጦች የመጡት ከቆመ በኋላ በ1967 ነው፤ የገባው ግፊት ቀስ እያለ በዓለቱ ውስጥ ይስፋፋ ነበርና። ከዚህ ቀጥሎ የአገሩ ሊቃውንት በዚያው በኮሎራዶ፣ ሬንጅሊ በሚባል የዘይት መስክ፣ ውኃውን በፈቃዳቸው እየጨመሩና እየቀነሱ መንቀጥቀጡ ሲነሣና ሲያርፍ በመሣሪያ አይተዋል።

በግድብም በኩል ምስክሩ ብዙ ነው። በዛምቤዚ ወንዝ ላይ የተሠራው የካሪባ ሐይቅ በሞላ ጊዜ በ1963 ከ6 የሚበልጥ መንቀጥቀጥ ተነሣ። በህንድ በኮይና ግድብ አጠገብ በታኅሣሥ 1967 የተነሣው መጠኑ 6.3 ሆኖ 180 ያህል ሰው ገደለ። ከአዳማ ብዙ የማይርቀው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ ከፍታው ከሃምሳ ሜትር ያነሰ ነው። ለብርቱ መንቀጥቀጥ ምክንያት የሆኑት ግድቦች በብዛት ከመቶ ሜትር በላይ የሆኑ በመሆናቸው፣ በቆቃ በኩል ስጋቱ ትንሽ ነው።

የስምጥ ሸለቆ ከተሞችን ወደ ፊት ይበልጥ የሚነካው የእንፋሎቱ ሥራ ነው። በባቱ ከተማ አቅራቢያ፣ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ባለው በአሉቶ ተራራ ላይ ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ስምንት ጥልቅ ጕድጓዶች ተቈፍረው፣ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ከ7 ሜጋ ዋት ጥቂት የሚበልጥ ኃይል የሚሰጥ የሙከራ ጣቢያ ተተክሎአል። ጣቢያው በብልሽት ምክንያት ብዙ ዘመን ሳይሠራ የቆየ ቢሆንም፣ ኋላ ተጨማሪ ጕድጓዶች ተቈፍረዋል። በአርሲ በኩል በቱሉ ሞዬ ደግሞ አንድ የግል ኩባንያ በ2012 ዓ.ም. መቆፈር ጀምሮአል። ሥራው የሚነቀፍ አይደለም። ክረምት ሲጎድል ግድቡ ባዶ በሚሆንበት አገር፣ ዝናብ የማይጠብቅ ኃይል ማግኘት ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን እንፋሎት ያወጣ ጕድጓድ የቀዘቀዘውን ውኃ ወደ ምድር መልሶ ማስገባት አለበት፤ ይህም ከላይ ከተነገረው ከዴንቨሩ ነገር ጋር፣ መጠኑ ቢለያይም፣ በጠባይ አንድ ነው።

በአሉቶ ከ2004 እስከ 2006 ዓ.ም. የአገር ውስጥና የውጭ ሊቃውንት በጊዜያዊነት መሣሪያ ተክለው ምድሪቱን አዳመጡአት። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ትንንሽ መንቀጥቀጦች መዘገቡ። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው፣ መንቀጥቀጡ የሚበዛው ዋናው ክረምት ካለፈ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ፣ ሐይቆቹ ከፍ ባሉበት ጊዜ መሆኑ ነው። የሐይቆቹ ውኃ ክብደት ምድሪቱን ዝቅ እንደሚያደርጋት በሌላ መሣሪያ ተለክቶ ተረጋግጦአል። ይህ ክብደት በራሱ ሰፊ አገር የሚያናውጥ አይደለም፤ የአሉቶ የእንፋሎት ማኅደር ግን ጥቂት ነገር እንኳ የሚሰማው ሆኖ ተገኘ። እነዚሁ ሊቃውንት በሰው ሥራ የሚነሣው መንቀጥቀጥም የመምጣቱ ዕድል እንደ ወራቱ ከፍና ዝቅ ሊል እንደሚችል ጽፈዋል። ውኃ ወደ ጕድጓድ የሚያስገባ መሐንዲስ የቀን መቁጠሪያውንና የሐይቁን ከፍታ አብሮ ማየት አለበት ማለት ነው። ይህ ዕውቀት በሌላ አገር መጽሐፍ የሚገኝ አይደለም፤ ከአሉቶ መሬት የተገኘ ነው።

እዚህ ላይ የበሰቃን ሐይቅ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። መተሐራ አጠገብ ያለው ይህ ሐይቅ ከስድሳ ዓመት በፊት ሦስት ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል የነበረ ሲሆን፣ እያደገ ሄዶ ከአርባ በላይ ሆነ፤ እርሻ ዋጠ፣ መንገዱንና የባቡሩን ሐዲድ አስጨነቀ። ምክንያቱ የመስኖው ውኃ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ከምድር ስንጥቅ የተነሣ ነው የሚሉም አሉ። መስኖው ከመጀመሩ አስቀድሞ የከርሰ ምድሩ ውኃ በየስፍራው ተለክቶ ቢሆን ኖሮ፣ ክርክሩ ይህን ያህል ዘመን ባልቆየ ነበር። በአሉቶና በቱሉ ሞዬም ነገ መጠኑ አራት ወይም አምስት የሆነ መንቀጥቀጥ ተነሥቶ የባቱን ወይም የኢተያን ቤት ቢሰነጥቅ፣ ባለቤቱ ኩባንያውን ይከሳል፤ ኩባንያውም ተፈጥሮ ነው ብሎ ይመልሳል። ሁለቱንም የሚዳኝ ከቁፋሮው በፊት የነበረው መዝገብ ብቻ ነው። መዝገቡ ከሌለ ድሃው ካሳ ያጣል፤ ወይም ጥፋት የሌለበት ሥራ በሐሰት ይቆማል።

መቆጣጠሪያው በሌላ አገር ተሞክሮ የታወቀ ነው። እንደ መንገድ መብራት ሦስት ደረጃ ተወስኖ፣ መንቀጥቀጡ አነስተኛ ሲሆን ሥራው ይቀጥላል፣ ሲጨምር ግፊቱ ይቀነሳል፣ ከተወሰነው ሲያልፍ ይቆማል። ሆኖም በዚህ ብቻ መታመን እንደማይበቃ የፖሃንግ ነገር ያስተምራል። በደቡብ ኮሪያ በፖሃንግ ከተማ ለእንፋሎት ሲባል ውኃ በብርቱ ግፊት ወደ ዓለት ሲገባ ቆይቶ፣ ሥራው ካቆመ ከሁለት ወር በኋላ በኅዳር 2017 በፈረንጆች አቆጣጠር መጠኑ 5.4 የሆነ መንቀጥቀጥ ተነሥቶ ብዙ ሰው አቆሰለ። መንግሥቱ የሰየመው የሊቃውንት ጉባኤ በ2019 ምክንያቱ ያ ሥራ መሆኑን አስታወቀ። እዚያም ደረጃ የተወሰነለት መቆጣጠሪያ ነበር፤ ነገር ግን አስቀድመው የታዩት ትንንሽ መንቀጥቀጦች በአንድ ስንጥቅ ላይ እየተሰለፉ መሆናቸውን በጊዜው የተመለከተ አልነበረም። በአሉቶ ዓለቱ ራሱ እንፋሎት የያዘ በመሆኑ እንደ ፖሃንግ ዓለትን በግፊት መሰንጠቅ አያስፈልግም፤ ስጋቱም ያንሳል። ይሁን እንጂ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ስፍራውንም በየቀኑ የሚመለከት ባለሙያ ሊኖር ይገባል።

መንቀጥቀጡ ከማንም ይምጣ፣ የሚገድለው የፈረሰ ቤት ነው። ስለ መንቀጥቀጥ የወጣ የሕንፃ ደንብ በአገሪቱ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ከሃያ ዓመት በኋላም በጠበቀ ደንብ ተተክቶአል። ዛሬ በአዳማ መንገድ ዳር ከፍ ያሉ ሕንፃዎች ሲሠሩ፣ የምድር ቤቱ ለሱቅ ይመች ዘንድ ግድግዳው ቀርቶ በዓምድ ብቻ ቆሞ፣ ከላይ ያለው ፎቅ ሁሉ በብሎኬት ግድግዳ ሲከብድ ይታያል። መሬት ወደ ጎን ስትወዛወዝ አስቀድሞ የሚታጠፈው ያ የምድር ቤት መሆኑን ማንም መሐንዲስ ያውቃል። ፕላኑ በማዘጋጃ ቤት ሲጸድቅ፣ የብረቱ ቁጥርና የዓምዱ ውፍረት በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት በስፍራው መታየት አለበት።

በአሉቶ የተተከሉት መሣሪያዎች የጥናቱ ዘመን ሲያበቃ የተነሡ ጊዜያዊ መሣሪያዎች ነበሩ። አንድ ጥልቅ ጕድጓድ ለመቆፈር የሚወጣው ገንዘብ በሚሊዮን ዶላር ሲቆጠር፣ ቋሚ የመመዝገቢያ ጣቢያዎች ተክሎ ለማኖር የሚያስፈልገው ከዚህ ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ከእንፋሎት ኩባንያዎች ጋር በሚደረገው ውል፣ ቁፋሮው ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ አስቀድሞ መሣሪያዎቹ በኩባንያው ወጪ እንዲተከሉ፣ መዝገቡም ለኩባንያው ብቻ ሳይሆን ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ለከተሞቹ አስተዳደር በየወሩ እንዲደርስ የሚያስገድድ አንቀጽ ሊገባ ይገባል።